የቀለለው ወገብ

ሃርላን ታትል ከምግብ ቤቱ ወጥቶ ፒክአፑን መንዳት ከጀመረ ወዲህ ደስ የሚል ነገር ይሰማዋል። ሚስቱ ዶሪስ ካረፈች በኋላ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። የኬንታኪ ኮረብቶች ነጭና ሮዝ አበባ ለብሰዋል። ዶሪስ አጠገቡ ተቀምጣ የምታንጎራጉር መሰለው፤ «ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» ስትለው ሁሉ ሰማት። እሱ የሚነዳ ሳይሆን መንገዱ ራሱ ተሸክሞት የሚሄድ ይመስል ነበር።

ሽማግሌ እንዲህ ሲቀለው መጠርጠር ነበረበት። ድልድዩ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ እጁን ከጃኬቱ ስር ወደ ወገቡ ሰደደ። የሽጉጡ አፎት ባዶ ነው።

ምግብ ቤቱ ሽንት ቤት ገብቶ ቀበቶውን ሲፈታ ሽጉጡ እንዳይወድቅ ብሎ ሶፍት መያዣው ላይ አኑሮት ነበር። ይህን ስህተት ሽጉጥ በልብሱ ስር የማይዝ ሰው አይሠራውም። ሃርላን ደግሞ ያዥ ብቻ አይደለም፤ የሽጉጥ ፈቃድ ለሚያወጣው ያገሩ ሰው ሕጉን የሚያስተምረው እሱ ነው። «ፈቃዱ ሽጉጥ ያስይዛችኋል፤ ለሚደርሰውም ተጠያቂ ያደርጋችኋል» እያለ በዘንጊዎች ሲስቅ ኖሯል። ዛሬ ራሱ አዋቂ አጥፊ ሆኖ አረፈው።

ምግብ ቤቱ ያለው አንድ ሽንት ቤት ነው። እሱ ከምግብ ቤቱ ሲወጣ አንዲት እናት ትንሽ ልጇን ይዛ ስትገባ አይቷል። ያን ሲያስታውስ መኪናውን አዙሮ በረረ። አበባው በግራና በቀኝ እንደ ሕልም በዝግታ ያልፋል፤ መንገዱ ግን አላልቅ አለ።

«ጌታዬ፣ ልጁ እንዳይነካው» አለ ጮክ ብሎ።

ሲደርስ አስተናጋጇ ናዲን የሽንት ቤቱን በር በጀርባዋ ዘግታ ቆማለች። ትንሹ ልጅ ፊቷ ቆሞ፣ ሱሪው ረጥቦ ያለቅሳል። እናቱ ትጮኻለች።

«ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ልጄን በሰው ፊት አዋረድሽው እኮ!»

«ሺህ ጊዜ ይርጠብ!» አለች ናዲን። ሃርላንን ስታይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሚስተር ታትል፣ ላጸዳ ገብቼ አየሁት። የቀንድ እጀታውን እርስዎ ሲያስተምሩን አይቼ አውቀዋለሁ። አልነካሁትም፣ ሰውም አላስገባሁም።»

«ሸሪፉ ጋ ደወልሽ?»

«እንዴት ብዬ? ፈቃድዎን ይነጥቁዎታል። ይዘውት ይሂዱ፤ እኔ ምንም አላየሁም።»

ሃርላን በሩን አየ። አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ ልጁን አየ፤ ረጥቦ የሚያለቅስ፣ ግን ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ምን ብዬ ነበር ያስተማርኳችሁ፣ የኔ ልጅ?»

«ተረስቶ የቀረ ሽጉጥ ካያችሁ ወዲያው ደውሉ ብለው።»

«እንግዲያው ደውይ።»

ጃኬቱን አውልቆ ተንበረከከና እርጥቡ እንዳይታይ በልጁ ወገብ ላይ አሰረለት። ባዶው አፎት ለሁሉም ታየ። ሃርላን አልሸፈነውም።