ውርጭ የመታው ባትሪ

ጋሪዋ ዳገቱን አጋምሳ ቀጥ አለች። አሕመድኑር ፔዳሉን እስከ ወለሉ ድረስ ረገጠው፤ ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ጸጥ አለ። ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ፍሬኑን ይዞ ዘሎ ወረደና ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ከኋላ የተቀመጠው የሆስፒታሉ አስተዳደር ኃላፊ፣ ጋሽ በእውቀቱ፣ ፋይሉን ደረቱ ላይ እንደታቀፈ ንቅንቅ አላለም።

"አለቀላት ማለት ነው?"

"ኧረ አይደለም ጋሼ! ሽቦ ላልቶ ይሆናል። አንድ ደቂቃ ብቻ ስጡኝ።"

ሽቦ አልላላም። ይህን አሕመድኑር ያውቀዋል። ከሦስት ቀን ወዲህ ጋሪዋ በየዕለቱ እየደከመች ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከመናኸሪያ እስከ ሆስፒታል ስምንቴ ትመላለስ ነበር። ከዚያ አምስቴ ሆነ። ትናንት ሁለቴ። ዛሬ፣ በእውቀቱ ሞክሮ ውሉን ሊፈርም በመጣበት ቀን፣ አንዱንም ሳትጨርስ ቆመች።

ከመንገዱ ዳር ካለ ሱቅ በር ላይ የቆመ አንድ ጎልማሳ፣ "ጣሪያ ያላት ወንበር ደከማት እንዴ?" አለ። የመካነ ሰላም ከተማ ሰው ያወጣላት ስም ይኸው ነው። በሰፊ መስክ ላይ ኳስ እየመቱ ለሚዝናኑ ሀብታሞች የተሠራች የጎልፍ ጋሪ ናት። በአቅራቢያው ያለውን ደን ለማየት ለሚመጡ እንግዶች ሎጅ እሠራለሁ ያለ ሰው አስመጥቷት፣ ሎጁ ከመሠረት ሳያልፍ ቀረና ዓመታት በሸራ ተሸፍና ተቀመጠች። አሕመድኑር በ2006 ከሳውዲ ከተጠረዙት አንዱ ነው። ሪያድ እያለ አምስት ዓመት ሙሉ ሥራው እንዲህ ያሉትን ጋሪዎች መጠገን ነበርና፣ ሸራውን ገልጦ ሲያያት የድሮ ጎረቤቱን ያገኘ ያህል ሳቀ። በዚህ ከተማ ቤንዚን በጀሪካን እየመጣ፣ ባጃጆች ሳምንቱን ተገትረው እየዋሉ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ጋሪ ወላድና ሽማግሌ ብታመላልስ ማን ይጠላል? ሆስፒታሉም ሐሳቡን ወደደው፤ ብቻ ሠርታ እንያት አለ።

ባትሪዎቹን የገዛችው ሚስቱ ሀናን ናት። ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። ልጃቸውን አሚራን የአንድ ዓመት ሕፃን ሆና ነው ጥላት የሄደችው፤ አሁን አሚራ ሰባት ሞልቷታል። ሀናን የስምንት ወር ደመወዟን በአሥራ ስድስት የሊትየም ባትሪ ለውጣ፣ በአንድ ነጋዴ ዕቃ ውስጥ በጅቡቲ በኩል ላከችለት። ኮንትራቷ አልቋል፤ አሠሪዋ ነገ መልስ ትፈልጋለች። ከባሏ ጋር የተነጋገሩት አጭር ነው፤ ሆስፒታሉ ከፈረመ ሀናን ትመጣለች፣ ካልፈረመ ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርማለች።

አሕመድኑር ደግሞ አልሰነፈም። ስድስቱን አሮጌ የአሲድ ባትሪዎች ብቻውን ተሸክሞ አወጣ፤ አሲድ የበላውን ብረት በሶዳ አጥቦ ቀለም ቀባው። አዲሶቹን በመዳብ እያያያዘ ደረደራቸው። አሮጌው ቻርጀር ለሊትየም እንደማይሆን ስለሚያውቅ እሱንም ለወጠው። በመጨረሻ ባትሪዎቹ ያሉበትን ሣጥን ፊት ለፊት አርባ ቦታ በመሰርሰሪያ ቀዳደደው። ሪያድ ላይ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነዋ! ነፋስ ካላገኘ ያብጣል። የሀናን አባት፣ አባባ ጀብሪል፣ ያን ዕለት ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመው ያዩት ነበር።

"ልጄ፣ ይኸ ሁሉ ቀዳዳ ለምንህ ነው? ኅዳር እኮ ነው። ሌሊቱን እንኳ ወደ ቤት አስገባት፤ ብርድ አለ።"

"አባባ፣ ላም እኮ አይደለችም!" ብሎ ሳቀባቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ቤት ገቡ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነበር፤ ግን ከውጭ የመጣን ሰው ማን ይመክራል? መብራት ቀን ቀን ኃይሉ ስለሚደክም አሕመድኑር ጋሪዋን የሚሞላው ከሱብሒ ሶላት በፊት ነበር፤ ቆርቆሮው በውርጭ ነጥቶ ባለበት ሰዓት፣ ግቢ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ።

አሁን ዳገቱ ላይ ወንበሩን አንስቶ ባትሪዎቹን ይነካካል። በእውቀቱ ትዕግሥቱ አልቆ ወረደና በትከሻው ላይ አጮለቀ። ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ ነካ።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"የፋብሪካው ምልክት ነው ጋሼ። አበባ።"

"ቀይ መስመር የተሰመረበት አበባ?" መነጽሩን አውጥቶ አደረገ። "አበባ አይደለም። የበረዶ ምልክት ነው። የክትባት ማቀዝቀዣችን ላይ አለ። እንግሊዝኛውም ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ አትሙላ ነው የሚለው። ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትሞላው?"

"ከሱብሒ በፊት።"

"በዚህ በኅዳር?"

አሕመድኑር ወደ ሌሎቹ ባትሪዎች ጎንበስ አለ። አሥራ ስድስቱም ላይ ያችው አበባ አለች። በየቀኑ ሲያያት ነበር፤ እንዲያውም አቧራዋን ይጠርግላት ነበር። በቁሙ አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር።

በእውቀቱ ክፉ ሰው አይደለም። ፋይሉን ብብቱ ሥር አደረገና፣ "አብሽር ወንድሜ" አለ። "ግን ምጥ የያዛት ሴት ጭነህ እዚህ ዳገት ላይ ብትቆምብኝ ምን እላለሁ? ሌላ ባትሪ ስታገኝ ና።" ሌላ ባትሪ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ሰውየው ዳገቱን በእግሩ ወጣ፤ አሕመድኑር ድንጋዩን አንስቶ ጋሪዋን በፍሬን እየያዘ ወደ ቁልቁለቱ ለቀቃት።

አመሻሽ ላይ የሆነውን ሁሉ ለአባባ ጀብሪል ነገራቸው። ይቆጡኛል ብሎ ነበር። ሽማግሌው ግን መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ቆዩና፣ "ሀናንን፣ ሻጩ አታለለን በላት" አሉ።

"አባባ?"

"ሻጩ ነው በላት። ሰው አገር ያለች ልጅ በባሏ ከምታዝን በነጋዴ ብታዝን ይሻላታል። እኔም አፌን እይዛለሁ።"

ከዚህ በላይ ምን ደግነት አለ? አሕመድኑር ሊመልስላቸው አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ።

"አሰላሙ አለይኩም! ሰውየው ፈረመ?" አለች ሀናን።

"ወአለይኩም ሰላም። አልፈረመም። ባትሪው ሞተ።"

ከወዲያ የዐረብኛ ቴሌቪዥን ይሰማል።

"እንዴት ይሞታል? አሥር ዓመት ይሠራል ብሎ እኮ ነው የሸጠልኝ! የሱቁ ካርድ አለኝ። ነገ ጁምዓ ነው፤ ማዳም ባትፈቅድልኝም እወጣለሁ። ወላሂ፣ በሩ ላይ እጮሃለሁ! እስኪቀይርልኝ አልፈርምም።"

አባባ ጀብሪል ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ በላት፣ አሉት። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትቀረው። ግን የጎረቤቷ ቤት ሠራተኛ ሳይፈቀድላት ወጥታ በፖሊስ መኪና መመለሷን የነገረችው ራሷ ሀናን ናት። ይህችም በእሱ ውሸት ሰው በር ላይ ቆማ ልትጮህ ነው።

"ሻጩ አይደለም" አለ። "እኔ ነኝ የገደልኩት።"

ቀዳዳውን፣ የንጋቱን ውርጭ፣ አበባዋን፣ ሁሉንም እየተንተባተበ ነገራት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተዘጋ።

"እኔ እኮ አቀስታ፣ ደጋ ነው የተወለድኩት" አለች። "ውርጭ ባቄላ ሲያቃጥል እያየሁ ነው ያደግኩት። ለምን አልጠየቅከኝም?"

"ባትሪ ታውቂያለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

"ባትሪ አላውቅም። ብርድ ግን አውቃለሁ።"

አሕመድኑር የአባባ ጀብሪልን ዓይን ሸሸ።

"እሺ" አለች። "እፈርማለሁ።"

"ሀናን…"

"ሁለት ዓመት ነው። ስድስቱስ አልፎ የለ?"

አሚራ ስልኩን ሰምታ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ እጅጌውን ያዘችው።

"እማዬ ናት? ስጠኝ! መቼ ነው የምትመጪው ልበላት!"

ሀናን ሰማች።

"አትስጣት" አለች በሹክሹክታ። "በአላህ ይሁንብህ፣ ዛሬ አትስጣት። እሷ ከጠየቀችኝ እጄ አይፈርምም።"

አሕመድኑር ወደ ልጁ ጎንበስ አለ።

"ኔትወርክ ተቋረጠ" አላት።

ስልኩ ጆሮው ላይ ነበር። ሀናንም አልዘጋችውም።