የግማሽ ሰዓት ቡድን

የቪዲዮ ጌም ቡድኑ በመጀመሪያው ዓመት ያደረጋቸውን ዘጠኝ ግጥሚያዎች በሙሉ ያሸነፈው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነበር። ጋዜጠኞች ምስጢሩን ሲጠይቁት አምበሉ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ብዙ የተጠና የፍጥነት ስልት ነው» ይላል።

አዬ ጥናት! ልምምዳቸው በእናቱ ሳሎን ነው፤ እናቱ ደግሞ ልክ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ፣ «ዓይናችሁ ይረፍ!» ብላ የመብራት ቆጣሪውን ታጠፋለች። አምስቱም ተጫዋቾች እሷን ቀድመው መጨረስ ለመዱ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ድርጅት ደመወዝ ቆረጠላቸው፤ ሰፊ ቤትም ሰጣቸው። እማዬ የለች፣ የሚቸኩል የለም፤ ሦስት የወዳጅነት ግጥሚያ በተከታታይ ተሸነፉ።

ለዓመቱ ውድድር መክፈቻ ዋንጫ አምበሉ እናቱን ለምኖ አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ቡድኑ አሁንም ይንቀረፈፋል። አምበሉ ቀና ሲል እናቱ ሰዓቷን አየችና ቦርሳዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ተነሳች። ከዚያም በእጇ ወደ ታች የመጫን ምልክት እያሳየች ጥበቃውን አንድ ነገር ጠየቀችው። ምን እንደጠየቀች አልጠፋውም።

«ልጆች!» ብሎ ጮኸ፤ «እማዬ ተነስታለች!»

ጥበቃው ቦታውን በጣቱ አመልክቷት ሳይጨርስ አሸነፉ። እሷ ግን መንገዷን አላቋረጠችም።

ዋንጫውን የተቀበሉት በጨለማ ነው።