አያ ጥሩነህ የፈለጠው ጨው

የኬሚስትሪ መምህራችን ሐጊት ከሰዶም ተራራ የመጣ፣ ቡጢ የሚያህል የድንጋይ ጨው ለእያንዳንዳችን አደለችን። ፈልጣችሁ፣ ስድስት ገጹ ልሙጥ የሆነ ኩብ አድርጋችሁ ትምህርት ለሚጀመርበት ለእሑድ አምጡ አለች፤ ጎኑ ከሁለት ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ። ባግሩት ለሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የሚያዝ ነጥብ ነበረው። ያለፈው ዓመት ኬሚስትሪ ወድቄ ነበርና ይህ ነጥብ እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም።

ሁለት ቀን ሙሉ ጨዉን በመስኮት ብርሃን እያዟዟርሁ ሳየው ዋልሁ። ውስጡ ጭጋግ አለ፤ ከጭጋጉ ወዲያ አገር ያለ ይመስላል። ዓርብ ጠዋት እናቴ፣ በዓይን አይፈለጥም ብላ ወደ አጎቷ ወደ አያ ጥሩነህ ሰደደችኝ።

አያ ጥሩነህ ኪርያት ኖርዳው በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ጎንደር ሳለ ማረሻ የሚያወጣ ቀጥቃጭ ነበር። በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር ከመጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ይሠራል፣ መዶሻውንም ለሚስማር ብቻ ያነሣል። ጨዉን ላስ አደረገና ሰው በጨው ይፈተናል ወይ ብሎ ሳቀ። እሳት ያላየ ነገር አይታዘዝም ብሎም ከጫፉ አንዲት ስባሪ ሰብሮ የጋዝ ምድጃው ላይ አኖረ። ጥቂት ቆይታ ስባሪዋ ጧ ብላ ፈነዳችና የሚስቱን የሐረጓን ድስት መታችው። ውስጧ የታሰረ ውሃ ስለሞቀ ነው ብዬ ነገርሁት። ሐረጓ ግን ማረሻችሁን ውጭ ሥሩ ብላ ሁለታችንንም ወደ በረንዳ አባረረችን።

እዚያ ጨዉን ፀሐይ ላይ ይዞ እያገላበጠ አየው። ከዚያ የወጥ ቤት ቢላዋ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ አሳርፎ በመዶሻው ነካ አደረገው። ጨዉ ለሁለት ተከፈለ፤ ፊቱ እንደ መስተዋት ልሙጥ ነው።

"ብረት ቢሆን ይጎብጥ ነበር" አለ። "ምን ነክቶት ነው ይሄ?"

ሶዲየም አንዲት ኤሌክትሮን ለክሎሪን እንደሚሰጥ፣ ሰጪና ተቀባይ ተቃራኒ ሆነው እንደሚሳሳቡ፣ እየተፈራረቁም በረድፍ በረድፍ እንደሚደረደሩ ነገርሁት። አልገባውም። የሠርግ አዳራሽ ምሳሌ አመጣሁለት፤ የሙሽራው ዘመድና የሙሽሪት ዘመድ ተፈራርቀው ተቀምጠዋል፣ ከፊትም ከኋላም እንደዚያው።

"አንዱ ረድፍ በአንድ ወንበር ቢገፋስ?" አልሁት።

ዘመዱና ዘበነ የሚባሉ፣ ከተኳረፉ ሁለት ዓመት የሆናቸው ወንድማማች ጎረቤቶች አሉት። "ዘመዱ ከዘበነ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማላ" አለ። "በቃ፣ አዳራሹ እዚያው ላይ ለሁለት ተከፈለ።"

ጨውም እንዲሁ ነው፣ ተመሳሳይ ከተመሳሳይ ሲገጥም ይገፋፋል አልሁት፤ የብረት ኤሌክትሮን ግን የሁሉም የጋራ ስለሆነ ረድፉ ቢንሸራተትም ጠብ የለም።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። በግራ ፈለጠ፣ በቀኝ ፈለጠ፣ ገልብጦ ፈለጠ። የሚረግፈው ስባሪ ሁሉ፣ ምስር የሚያህለው ሳይቀር፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። እሱ ያንጎራጉራል፤ እኔ በማስመሪያ እለካለሁ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። ሁለት ተኩል ላይ ስድስቱም ገጽ ልሙጥ ሆነ። እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም። አንዲት መስመር አይቶ ነበር።

"አንዴ ልድገመው፣ ቃኘው?" አለ በስሜ ጠርቶኝ።

ከደገመው ከሁለት በታች ይወርዳል። እጆቹን አየሁ። እነዚያ እጆች የገበያ ፌስታል ሲሸከሙ እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።

"ድገመው፣ አያ" አልሁት።

እሑድ ሃያ ሦስት ስባሪ በሳህን ይዤ ገባሁ። ሐጊት ትልቁን ለካች፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ጎደለ። አምስት ነጥብ ቀነሰችብኝ፤ በሥራው ግን አሳለፈችኝ። ቀጥላ ትንንሾቹን አንድ በአንድ በማጉያ መነጽር አየች፤ ማን እንደፈለጣቸው ጠየቀችኝና እንዳመጣው አዘዘችኝ።

ማክሰኞ አያ ጥሩነህ የሰንበት ልብሱን ለብሶ፣ መዶሻውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ክፍላችን ገባ። ሠላሳ ተማሪ ከበበው። ሐጊት በዕብራይስጥ ረጅም ምስጋና አቀረበች። እሱ ጠረጴዛው ላይ እንዲፈልጠው የተደረደረውን ጨው በዓይኑ ቆጥሮ ወደ እኔ ዞረ።

"ያላቸው ይሄው ብቻ ነው?" አለኝ።