አርቅቀሽ አምጪ

ኢሜይሉ የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዶክተር ብሩክታይት ዱባለ ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በሦስተኛው ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ካመለከተችባቸው ሰማንያ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ለሬዚደንሲ፣ ለስፔሻሊስትነት ሥልጠና፣ ቃለ መጠይቅ የጠራት አንድ ብቻ ነበር፤ ኢሜይሉም የመጣው ከዚያው ነው። በዶክተር ቸሩ ስም የደረሰን የድጋፍ ደብዳቤሽ፣ ይላል፣ እኚሁ ሐኪም ለሌላ አመልካች ከላኩት ደብዳቤ ጋር ከስሙ በቀር ቃል በቃል አንድ ነው። ጸሐፊው ራሳቸው እስከ ዓርብ ካላስረዱን የሁለታችሁንም ማመልከቻ እንዘጋለን።

ሌላው አመልካች ማን እንደሆነ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። ዘንድሮ ከሚሠሩበት የሶዶ ሆስፒታል ለአሜሪካ ያመለከቱት ሁለት ናቸው፤ እሷና አብሯት የተመረቀው ዶክተር ቲቶ።

ይበልጥ የሚያበግነው ደግሞ ደብዳቤውን የጻፈችው ራሷ ብሩክታይት መሆኗ ነው። አሜሪካኖቹ ደብዳቤውን መምህሩ ይጽፈዋል፣ ተማሪው አያየውም ብለው ያምናሉ፤ እሷም አላየውም ብላ ፈርማለች። እዚህ ግን እንዲህ ብሎ ነገር የለም። የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊው ዶክተር ቸሩ ደግ ሰው ናቸው፤ በፊርማ በኩልማ ልክ እንደ ስማቸው ናቸው። ደብዳቤ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «አርቅቀሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» ይላሉ። ለዝውውርም እንዲህ ነው፣ ለስኮላርሺፕም እንዲህ ነው። እሳቸውም በጊዜያቸው ለአለቆቻቸው አርቅቀው ሲያስፈርሙ ኖረዋል። ይህን ነውር ነው ያለ ሰው እስከዛሬ አልተገኘም።

ብሩክታይትም አረቀቀች። አራት ቀን ፈጀባት። ራስን ማመስገን ከቤቷ አልተማረችም፤ አባቷ መምህር ዱባለ ልጆቹ ወሬ በ«እኔ» ሲጀምሩ ፊቱን የሚያጠቁር ሰው ነው። ስለዚህ ጎበዝ ናት፣ ትጉህ ናት የሚለውን ሁሉ ሰርዛ ስለ አንዲት በሽተኛ ብቻ ጻፈች። ጸሐዬ የምትባል የሃላሌ ሴት ናት። አራት ዓመት ሙሉ አስም ነው እየተባለች የአስም መድኃኒት ስትስብ ኖራ፣ በመጨረሻ ከአልጋዋ ተነስታ በር ድረስ መሄድ አቅቷት የመጣች። ብሩክታይት በግራ ጎኗ አስተኝታ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የራሷን ትንፋሽ ውጣ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከታች ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ሰማች። አስም አልነበረም፤ የልቧ ቫልቭ ጠቦ ነው። ብሩክታይት በሐኪምነቷ «ይህን እኔ አደረግሁት» ለማለት የምትደፍረው ይህንኑ አንድ ነገር ነበር። አሁን በአሜሪካኖቹ ፋይል ውስጥ ይህን ያደረገው ቲቶም ነው።

መጀመሪያ የተቆጣችው በቲቶ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አስቁማ ኢሜይሉን አሳየችው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ቲቶ የማይምል የጸሎት ቤት ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን ማለ። እሱ ራሴን ማመስገን ያሳፍረኛልና እባክዎ እርስዎ ይጻፉልኝ ብሎ ነበር ዶክተር ቸሩን የለመናቸው፤ እሳቸውም እሺ ብለውታል። ምስኪኑ ቲቶ ሰው ስለ እኔ ጻፈልኝ ብሎ ወር ሙሉ ደስ ብሎት ከርሟል። ብሩክታይት ዳውላውን ትታ ወደ አህያው ሄደች።

ዶክተር ቸሩ ኢሜይሉን ከስልኳ ላይ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ይህ ምን ያስቆጣል አሉ፤ ደብዳቤው ጥሩ ስለሆነ እኮ ነው ናሙና የተደረገው። ቢሆንም ሰው መውቀስ ስለነበረባቸው ጸሐፊያቸውን ጠሩ። እትዬ ጣፈጠች ሃያ ዓመት ከዚያ ጠረጴዛ ያልተነሳች፣ ስንት ኃላፊ ተቀብላ ስንቱን የሸኘች ሴት ናት። ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ሲገሥጿት እጇን አጣምራ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ዶክተር፣ የብሩክታይትን አውጥተሽ ስሙን ቀይሪው ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «ሁሌም እንደዚያ ነው የምንሠራው።»

ዶክተር ቸሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መላ አመጡ። የብሩክታይትን ደብዳቤ ራሳቸው እንደጻፉት፣ የቲቶን ግን ጸሐፊዋ በስህተት እንደላከችው ይጻፋል፤ የቲቶ ነገር ቀስ ብሎ ይታያል። ጣፈጠች መሬት መሬት አየች። ብሩክታይት፣ እውነቱ ይነገርና፣ ደስ አላት። አንዲት ትንሽ ውሸት ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ጣፈጠችን ማን ያውቃታል? ያለፈው እሁድ አባቷ በበዴሳ ጸሎት ቤት ቆሞ «ልጄ ተጠርታለች» ሲል ጉባኤው እልል ብሏል። ያንን እልልታ ማን ይመልሰዋል? እሺ ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

«እንግዲያው» አሉ ዶክተር ቸሩ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ፣ «አርቅቀሽ አምጪና እፈርማለሁ።»

የዘጠኝ ዓመት ንዴት በአንድ ጊዜ ገነፈለባት። ስድስት ዓመት ተማሪያቸው፣ ሦስት ዓመት ሐኪማቸው ሆና በየዋርዱ ከኋላቸው ተከትላለች። በታላቅ ሰው ፊት ድምፅ አይነሳም፤ እሷም አላነሳችም፤ የኮምፒውተሩን ፊት ግን ወደ እሳቸው አዞረች።

«አላረቅቅም፣ ዶክተር። የጠየቁት የእርስዎን ቃል ነው።»

ሊቆጡ አሰቡና ተዉት። በሁለት ጣታቸው ስሟን ጻፉ። ከዚያ መጻፉን አቆሙ። ሲጠይቋት ክፋት አልነበረባቸውም፤ የባሰውም ይኸው ነው።

«ስለ አንቺ ምን እንደማውቅ ንገሪኝ» አሉ።

ጣፈጠች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ብሩክታይት የሃላሌዋን ሴት፣ ያቺን ቫልቯ የጠበበውን፣ ያስታውሷት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የዶክተር ቸሩ ፊት በራ። እንዴት አላስታውሳትም፣ አስም አይደለም ብዬ ያገኘኋት እኔ አይደለሁም እንዴ አሉ። ብሩክታይት አገኘቻት የሚል ደብዳቤ ላይ ፈርመዋል፣ ቲቶ አገኛት የሚል ደብዳቤ ላይም ፈርመዋል፤ ሲጠየቁ ደግሞ ያገኟት ራሳቸው ናቸው። አንዱንም አላነበቡትም።

«እንግዲህ እኔን አላውቃትም ብለው ይጻፉ» አለች ብሩክታይት። «እትዬ ጣፈጠችን ግን አይንኩ።» ይህን ብላ ወጣች።

ዓርብ ከሰዓት ጣፈጠች ኮሪደር ላይ አገኘቻት። ዶክተሩ ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው ላኩት አለቻት፤ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ኮፒው እኔ ጋ አለ፣ ላሳይሽ? ብሩክታይት አላይም ብላ የፈረመችው አንዴ እንኳ እውነት ይሁን ብላ እምቢ አለች። «የኔን ስም አላነሱም፤ ይህን ብቻ ልንገርሽ» አለች ጣፈጠች። ብሩክታይት እውነቱን እንደጻፉ ከዚህ ተረዳች።

መልሱ ሰኞ መጣ፤ አጭርና ጨዋ ነው። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ደብዳቤ አመልካቿ እንዳረቀቀችው፣ ሁለተኛውን እሳቸው እንዳስገለበጡት በግልጽ ስለነገሯቸው ያመሰግናሉ። የሁለቱም ማመልከቻ ለዘንድሮ ተዘግቷል። በሚቀጥለው ዓመት ሥራሽን በዓይናቸው ባዩ ሰው ደብዳቤ ማመልከት ትችያለሽ።

ለአባቷ ደወለች። መምህር ዱባለ ሳያቋርጣት ሰማ። ለእልልታው የቆመ እግር ለዚህም ይቆማል፣ እሁድ ለጉባኤው እኔው እነግራለሁ አላት። ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ ከሐዘኑ ንዴቱ ይበልጥ ነበር። በአሜሪካኖቹ አልተናደደችም። በዶክተር ቸሩ ተናዳለች፤ በራሷም ጭምር፤ ጣፈጠችን ለመሸጥ የቀራት አንዲት «እሺ» ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት በራውንድ ላይ፣ በሽተኞቹን አልጋ በአልጋ ሲዞሩ፣ ዶክተር ቸሩ ሁለት ጊዜ ወደ እሷ ዞር ብለው ይቅርታ የመሰለ ነገር ሊናገሩ ሞከሩ፤ ሁለቴም አልወጣላቸውም። አልጋ ሰባት ላይ ከሻንቶ የመጡ ሽማግሌ እግራቸው አብጦ ተኝተዋል። ኢንተርኖቹ፣ ተለማማጆቹ ሐኪሞች፣ አልጋውን ከበቡ። ዶክተር ቸሩ እንደ ልማዳቸው ማዳመጫቸውን ከአንገታቸው ሲያወርዱ ብሩክታይት ቀድማቸው ከሽማግሌው ራስጌ ቆመች።

«ዛሬ እኔ ልመርምር፣ እርስዎ ይዩኝ» አለች። «አንድ ዓመት አለዎት።»

ዶክተር ቸሩ ማዳመጫቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ከአልጋው ግርጌ ቆሙ።