የሸክላው መሬት

ቀያሹን ወደ ተወለደበት ሰፈር የላኩት አለቃው ናቸው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ብለው የጡብ ፋብሪካውን ንድፍና ሰፈሩ የሚፈርምበትን የስምምነት ወረቀት አስያዙት። ሰፈሩ ከጥንት ጀምሮ የሸክላ ሠሪዎች ነው፤ ፋብሪካው የሚቆመው ደግሞ አፈራቸውን በሚያወጡበት ሜዳ ላይ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ሥራ ያገኛል መባሉን ቀያሹ ከልቡ አምኖበታል።

እናቱ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። በዕድሜ ሁሉን ስለሚበልጡ ሰፈሩ ከቃላቸው አይወጣም። ንድፉን ዘርግቶ ሲያስረዳቸው እጃቸውን ከጭቃው ሳያነሱ አደመጡት። የያዙትን ማሰሮ አፍ አስተካክለው ሲጨርሱ ታጥበው ተነሱና ወደ ሜዳው ወሰዱት።

የሜዳው አንዱ ወገን ተቆፍሮ ጎድጉዷል፤ ሌላውን ዶማ አልነካውም። ቀያሹ በልጅነቱ ሲሮጥበት ኖሮ ለምን እንዳልተቆፈረ ጠይቆ አያውቅም። አክስቱ በድንጋይ የተለየውን ድንበር አሳዩት። የጎደጎደው የእናቶቻቸውና የእነሱ ድርሻ፣ ያልተነካው ገና ላልተወለዱት ልጆች የተተወ እንደሆነ ነገሩት። አንድ ክፉ ዘመን ሕፃናት በረሃብ ሲያልቁ እንኳ ማሰሮ ሠርቶ በእህል ልለውጥ ብሎ ያን ድንበር አልፎ የቆፈረ አልነበረም። ከሞቱት አንዷ የእሳቸው ልጅ ናት። ቀያሹ አክስቱ ወልደው እንደነበር ያን ቀን ሰማ።

«ፋብሪካው አፈሩን በስንት ዓመት ይጨርሰዋል?» አሉት።

ያውቀዋል፤ ያሰላው ራሱ ነው። «በአሥራ ሁለት ዓመት፣ እትዬ።»

«ከዚያስ?»

ቀያሹ ዞሮ ያልተነካውን ወገን አየ።

«እኛ ልማት አንጠላም» አሉ አክስቱ። «ገበያ የሚያደርስ መንገድ ብትጠርጉልን እንመርቃችሁ ነበር። ግን ማን መጥቶ ጠየቀን? አንተም የመጣኸው ልታስፈርመን ነው።»

ቀያሹ ቢሮው ተመልሶ ሰፈሩ እንዳልተስማማ፣ እሱም እንደማይስማማ ጻፈ፤ የመንገዱንም ነገር አከለበት። አለቃው አንብበው «እንጀራህን በእግርህ ረገጥክ» አሉት። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበተ።

ሌላ ቀያሽ ተላከ፤ የሚፈርም ግን አልተገኘም። ፋብሪካው ከወንዝ ማዶ ወዳለ ሰፈር ሄደ። እዚያ ማን እንደተጠየቀ ማንም አልሰማም። ለሸክላ ሠሪዎቹም መንገዱን የሚሠራላቸው አልመጣም።

ቀያሹ አክስቱ ቤት ገብቶ ኑሮውን ጀመረ። ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ መስመር እሱ ቀየሰ፤ ሰፈሩ በፈረቃ ይቆፍር፣ ድንጋይ ያነጥፍ ገባ። ግማሽ ሲደርስ አክስቱ አረፉ። ለቀብር የወሰዷቸው በዚያው፣ ድንጋዩ ገና ባልጠበቀበት መንገድ ነበር። ሐዘኑ ሲያበቃ ሰው ሁሉ ዶማውን ይዞ ወጣ፤ ቀያሹም ካቆመበት ላይ ገመዱን ወጠረ።