ድሮን ቀላቢው

ወንድሜ ሙአዝ ባሕር ላይ ከቀረ አምስት ወር ሊሞላው ሲል ዓብዲከሪም ደወለልኝና ወደ ፊልሙ ምርቃት ጠራኝ። «ሙአዝ የለፋበት ሥራ ነው፤ ከቤተሰቡ ሰው ባይገኝ ቅር ይለኛል» አለኝ። ቅር እንዳይለው ሄድኩ።

ዓብዲከሪም ሀርጌሳ ውስጥ የማስታወቂያ ድርጅት አለው። የበርበራን ባሕር ለጎብኚ የሚያሳይ ፊልም እንዲሠራ ተዋውሎ ባለ ሸራ ጀልባ ተከራየ፤ ኬብሮን የሚባል ድሮን አብራሪም ከአዲስ አበባ አስመጣ። ሙአዝን የወሰዱት ለትርጉም ነበር። እኔና እሱ ያደግነው ድሬዳዋ ነው፤ ቤት ውስጥ ከእናታችን ጋር በሶማሊኛ፣ ሁለታችን ስንሆን በአማርኛ ነበር የምናወራው። ኬብሮን ደግሞ ሶማሊኛ አይሰማም፣ የጀልባዋ ካፒቴን አደን አማርኛ አይሰማም።

ጥቂት ቀን እንደሠራ ሌላ ሥራ ተጨመረለት። ድሮን ከባለ ሸራ ጀልባ ላይ ማስነሳት ቀላል ነው፤ ጭንቁ ማሳረፉ ላይ ነው። ምሰሶ አለ፣ ገመድ አለ፣ ሸራው ይወራጫል፣ ወለሉ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ አንድ ሰው ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆሞ ከአየር ላይ በእጁ ይቀልበዋል። ሙአዝ ቀላቢ ሆነ። ስልክ ሲደውልልኝ፣ «ፊልሳን፣ ዶሮ እንደሚይዝ ሰው ነው የምይዘው፤ ከእግሩ» ብሎ ይስቅ ነበር። ጣቶቹን የሚሽከረከረው ፕሮፔለር እንደቆራረጠበት ያወቅኩት በኋላ ከባለቤቱ ከሱማያ ነው።

አደጋው የደረሰ ሰሞን ዓብዲከሪም ዳሚ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ ሱማያ ቤት መጣ። ድሮን ውኃ ላይ ሊወድቅ ሲል ሙአዝ ዘሎ ገባ፣ እኛ ስንመለስ አጣነው፣ አለ። ፈለግን፣ ተጣራን፣ ጨለመብን፣ አለ። ይሄን ሲናገር እንባ ነበረው። ከዚያ ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ፣ «ግን ዋናተኛ ነው እኮ። በዚያ በኩል የዓሣ አጥማጆች ጀልባ አይተናል። ወጣት ነው፣ የልቡን ማን ያውቃል? የመን ተሻግሮም ይሆናል» አለ።

ይቺ ቃል ከቤቱ ወጥታ ሰፈሩን ዞረች። በሳምንቱ ሙአዝ ሚስቱን ጥሎ የኮበለለ ሰው ሆነ። ሴቶቹ ሱማያን ባገኟት ቁጥር ቀስ ብለው፣ «ደወለልሽ?» ይሏታል። ቃዲው ጋ ሄድን። ሬሳ የለም፣ ሲሞት አየሁ የሚል ሰው የለም። ስለዚህ ሙአዝ የሞተ ሳይሆን የጠፋ ሰው ነው፤ ጀናዛ አይሰገድበትም፤ ሱማያም ባሏ የሞተባት ሴት የምትቀመጠውን የአራት ወር ከአሥር ቀን ሐዘን፣ ኢዳን፣ አትቀመጥም። ምስክር እስኪገኝ ወይም ዓመታት እስኪያልፉ ትጠብቃለች። ነጭ የሐዘን ልብስ እንልበስ ብንል የባሏ እናት፣ «በልጄ ላይ ታሟርቺበታለሽ?» አለች። እናቴ ናት፤ አልፈርድባትም። ሱማያ ባለ ቀለም ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተቀብታ፣ ባሏ መንገድ እንደሄደባት ሴት ተቀመጠች።

ምርቃቱ የተደረገው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነበር። የማንጎ ጭማቂ ሰጡን፣ ሳምቡሳ ዞረ። ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ምን ይዋሻል። አሸዋው፣ ግመሎቹ፣ አሮጌዎቹ ቤቶች። መጨረሻው ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀልባዋ ትመጣለች። ነጭ ሸራዋ በነፋስ ተነፍቶ፣ የሚቀርጸው ድሮን በዙሪያዋ ቀስ እያለ ሲዞር ሰዉ ሁሉ «ማሻአላህ!» አለ።

ከጀልባዋ ኋላ፣ ከስክሪኑ ግራ ጥግ፣ ውኃው ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ነጥቡ ክንድ አለው። ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ተዘርግቷል፤ እጁ ላይ ግራጫ ነገር ይዟል።

ስክሪኑ ትልቅ ባይሆን አላየውም ነበር። ሰዉ ያጨበጭብ ጀመር። እኔ ጭማቂዬን ወንበሩ ሥር አስቀምጬ ከአዳራሹ ወጣሁ። ማንጎ እስከ ዛሬ አልቀምስም።

ዓብዲከሪም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ምነው፣ አመመሽ?»

«አየሁት።»

«ምኑን?»

«ሙአዝን። መጨረሻው ላይ፣ ከጀልባው ኋላ።»

ስልኩን አወጣ፣ ቦታውን ፈልጎ አገኘ፣ በሁለት ጣቱ አሰፋው። ፊቱን እያየሁ ለሞተ ሰው የሚባለውን ኢናሊላሂ እስኪል ጠበቅኩ። «ሱብሓነላህ» አለ። «ይቺን እንዴት አላየናትም!»

ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ ተጠጋኝና፣ እስካሁን በሶማሊኛ ሲያወራኝ የነበረው ሰውዬ፣ ሌላው እንዳይሰማ በአማርኛ ያንሾካሽክልኝ ጀመር። ልጅነቱን አዲስ አበባ ነው ያሳለፈው። ሽቶውና የሳምቡሳው ዘይት አንድ ላይ ሸተተኝ።

«አይዞሽ እህቴ፣ አታስቢ። ነገ ጠዋት አስጠፋታለሁ። ከጎን ያለውን ውኃ ወስደው ይለጥፉባታል፤ እንደነበረችም አይታወቅ።»

«ማንን ነው የምታስጠፋው?»

«ነጥቧን ነዋ።»

«እንዳትነካው!»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው! በየሆቴሉ በታየ ቁጥር ልብሽ እንዳይቆስል።»

ከልቡ ነበር የሚናገረው። ደግነት እየሠራልኝ መስሎታል። ቢክደኝ ይሻለኝ ነበር፤ ያ ደግነቱ ነው ቆዳዬን ያሳከከኝ።

«ልቤን ተወው» አልኩት። «ያልተቆረጠውን ቅጂ ስጠኝ። ቃዲው ይየው።»

ቃዲ የሚለውን ሲሰማ ወደ ሶማሊኛ ተመለሰ፣ ድምፁም ከፍ አለ። «ድሮኑ ከነሜሞሪ ካርዱ እንደሰጠመ ሁሉም ያውቃል! ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?»

«የሰጠመው ሙአዝ የያዘው ነው። ሙአዝን የቀረጸውስ?»

በሩ ላይ እንግዶች ጠሩት፣ እየሳቀ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ኬብሮን ለምርቃቱ መጥቶ ወዳረፈበት ሆቴል ሄድኩ። ወደ አዲስ አበባ ሊበር ሻንጣውን እያዘጋጀ ነበር። ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠቅልሎ በላስቲክ ያስራል። ወንድሜ ዕቃውን እንዲህ ሲያስር አይቼው አላውቅም፤ ዝርክርክ ነበር። ፊልሙ ላይ ያለውን ነጥብ እንዳየሁት ነገርኩት።

«ሲስተር፣ በጣም አዝናለሁ፤ በእናቴ! ኤዲት ስናደርግ ነጥቧን አይቻታለሁ። ግን ኤሊ መስሎኝ ነው።»

«ኤሊ ድሮን ይሸከማል?»

አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ሳልጠይቀው ሁሉንም አወጣው፤ ለካ ማውራት አምሮት ነበር።

የመንሳፈፊያ ጃኬቶቹን በመጀመሪያው ቀን ነው ዓብዲከሪም ያስወለቃቸው። ብርቱካናማው ቀለም ሥዕሉን ያበላሻል ተብሎ ከታች ተቆለፈባቸው። ሞተሩም ከኋላ እንዳይታይ ተነቅሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሙአዝ በጠፋበት ዕለት የመጀመሪያው ድሮን ባትሪው አለቀ። ባትሪው ሲያልቅ በራሱ ተመልሶ ከተነሣበት ቦታ ይወርዳል፤ የተነሣበት ቦታ ግን አሁን ባሕር ነው፣ ጀልባዋ ትታው ሄዳለች። ኬብሮን፣ «ሊሰጥም ነው!» ብሎ ሲጮህ ዓብዲከሪም ሙአዝን፣ «ቅለበው!» አለው። ሙአዝ ዘለለ። ደርሶም ቀለበው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ስናየው አንድ እጁን ወደ ላይ አድርጎ በአንድ እጁ ይዋኛል። ድሮኑ እንዳይረጥብበት።» ያሰረውን ገመድ አንሥቶ ፈታ። «ሳቅን፣ ሲስተር። ሁላችንም። ጀግና ነው ብለን ነው የሳቅነው።»

«አደንስ?»

«ካፒቴኑ በእጁ እያሳየ ልዙር አለ። ዓብዲከሪም፣ ‹ፀሐይዋ አሁን ነው የምታምረው፣ ሁለተኛውን አስነሣ፣ አንድ ዙር ቀርጸን እንመለሳለን› አለ። ባለ ሸራ ደግሞ እንደ መኪና አይዞርም...»

«አንድ ዙር ነው የቀረጽከው?»

«ሦስት» አለ፣ ጫማውን እያየ።

«ላክልኝ።»

«ከእኔ ነው ያገኘሁት እንዳትይ። ገና ሥራ መጀመሬ ነው፣ ወጣት ነኝ።»

«ሙአዝ ሽማግሌ መስሎህ ነበር?»

ከኮምፒውተሩ ወደ ስልኬ ሲያልፍ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ግማሽ ላይ ሲደርስ፣ «ይቅርታ፣ ከለሩ አልተስተካከለም። ጥሬው ነው፤ ትንሽ ሊደበዝዝብሽ ይችላል» አለኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ስልኬን ነጥቄው መውጣት አማረኝ፤ ግን ገና አላለቀም ነበር። ቆሜ እስኪያልቅ ጠበቅኩ።

የዚያኑ ቀን ፊልሙ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። መጨረሻውን ከፍቼ አየሁት። ባሕሩ ጠርቷል። ነጥብ የለም፣ ክንድ የለም፣ ማዕበሉ እንኳ ሳይዛነፍ ተስተካክሏል። ሥራቸውን ያውቃሉ።

ለአደን ደወልኩለት። አልመጣም ይለኛል ብዬ ነበር፤ ከበርበራ በሌሊት ተነሥቶ መጣ። ከቃዲው ፊት ቁርኣን ላይ እጁን ጭኖ፣ ልመለስ ማለቱን፣ መከልከሉን፣ መታዘዙን ተናገረ። «ለምን ታዘዝክ?» ሲሉት፣ «የተከራየው እሱ ነው» አለ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም። እሱንም አልወደድኩትም።

ቃዲው ስልኬን ተቀብለው አዩ። ድምፅ የለውም። በመጀመሪያው ዙር ክንዱ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ራሱም ይታያል። በሁለተኛው ዙር ራሱ አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል፤ ክንዱ ግን እዚያው ነው፣ አልወረደም። በሦስተኛው ዙር ሸራው አለ፣ ፀሐይዋ አለች፣ ውኃው አለ።

ቃዲው ደግመው አዩትና ወደ ሱማያ ዞሩ። «ልጄ፣ ፊቱ አይለይም። እሱ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?»

እንዳታየው ብዬ እስካሁን ደብቄያት ነበር። ስልኩን ከእጃቸው ወሰደች። ሦስቱንም ዙር ሳትንቀሳቀስ አየች። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ሸሚዙ የእሱ ነው፤ እኔ ነኝ የገዛሁለት» አለች። ከዚያ ስልኩን ለቃዲው መለሰችና፣ «ቢለቀው ይዋኝ ነበር። ያልለቀቀው የሰው ዕቃ ስለሆነ ነው። ሙአዝ የሰው ዕቃ አይጥልም።»

አደን ፊቱን በሽርጡ ጫፍ ሸፈነ።

ቃዲው ፈረዱ። ሙአዝ በዚያ ቀን፣ በዚያ ምሽት ሞቷል። ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሰላት ቀጥሎ በሌለበት ጀናዛ ይሰገድበታል። የመንና ኩብለላው፣ «ደወለልሽ?» የሚባለውም በአንድ ቃል ተዘጋ። ከእንግዲህ ወንድሜ ከሃዲ አይባልም።

ሱማያ፣ «ኢዳዬን ከዛሬ ልጀምር?» ብላ ጠየቀች።

ቃዲው መነጽራቸውን አወለቁ። መልካም ሰው ናቸው፣ መልሱን ለመናገር ሲቸገሩ አይቻለሁ። «ልጄ፣ ኢዳ የሚቆጠረው ባል ከሞተበት ቀን ነው እንጂ ሚስት ከሰማችበት ቀን አይደለም። አራት ወር ከአሥር ቀኑ አልፏል። ኢዳሽን ጨርሰሻል። አሁን ነፃ ሴት ነሽ።»

«ሳልቀመጠው?»

«ሳትቀመጪውም።»

ሱማያ እኔን አየችኝ። «አባዮ፣ እኔ እኮ በዚያ ጊዜ ሒና ተቀብቻለሁ» አለች። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ ኢዳ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ሒና አትቀባም። በዒድ ጊዜ ሴቶቹ፣ ባልሽ ቢመጣ ምን ይላል ብለው እጇን ይዘው የቀቧት ትዝ አለኝ። ያ ሰው ሻይ ጠጥቶ የተናገራት አንዲት ቃል የሐዘኗን ወራት ሳታውቀው በልታባት ኖሯል። የሰው ሬሳ ይሰረቃል ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ኢዳ የተሰረቀባት ሴት ግን አይቼ አላውቅም።

ከቃዲው ቢሮ ወጥተን በእግራችን ወደ ገበያ ወረድን። አደን ሊሸኘን ከኋላችን መጣ፣ ማንም ስላላናገረው ከመንገድ ቀረ። ሱማያ ከጨርቅ ነጋዴዎቹ አንዷ ፊት ቆመችና ወደ ነጩ ጣቃ ጠቆመች።

«ለሐጅ ነው ለሐዘን?» አለች ሴትዮዋ፣ ጣቃውን እያወረደች።

«ለሐዘን።»

«አላህ ይዘንለት። ባልሽ ነው?»

«ባሌ ነው።»

«መቼ ነው የሞተው?»

እጇን ልይዝ ፈለግኩ። ሰዎቹ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ፣ ቃዲው ነፃ ነሽ እንዳሏት፣ ሕጉ እንደማያስገድዳት፣ ይሄን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ዛሬ» አለች ሱማያ።

ሴትዮዋ መቀሷን አንሥታ በክንዷ ለካች። «አራት ወር በአንድ ልብስ አይዘለቅም፣ የእኔ እናት። ቅያሪ ያስፈልግሻል።»

«እሱንም ቁረጪልኝ» አለች ሱማያ።