ሁለተኛው ሙከራ

ዶክተር ማህደር ሆስፒታሉ ውስጥ «ሙከራ» የሚለውን ቃል ስትጠራ ታካሚዋ አስቻለች ትከሻዋ ላይ ያለውን ጠባሳ በእጇ ሸፈነች። አፏን የፈታችው በኽምጣና ቋንቋ ነው፤ ይህን የአማርኛ ቃል መጀመሪያ የሰማችው እዚሁ ሰቆጣ ከተማ ካለው ፍርድ ቤት፣ ዳኛው «የግድያ ሙከራ» ብለው ሲያነቡ ነበር። ያን ጊዜ ባሏ ወንዳወቅ ከኒሯቅ ገበያ ዘገየሽ ብሎ አንገቷን ለማለት የሰነዘረው መጥረቢያ ስቶ ትከሻዋን ተርትሮት ነበር። አምስት ዓመት ታስሮ፣ ሽማግሌ አስታርቆት ቤቷ ተመለሰ።

ዶክተሯ ረጋ ብላ አስረዳቻት። የጡቷን ካንሰር የተለመደው መድኃኒት አላቆመውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ መድኃኒት በበሽተኞች ላይ እየተሞከረ ነው፤ ሊያድናትም ላያድናትም ይችላል። ባሰኛት ቀን ትታው መውጣት ትችላለች፤ ካልፈረመች ደግሞ ማንም አይነካትም።

አጠገቧ የተቀመጠው ወንዳወቅ ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። «ሚስቴ የማንም መሞከሪያ አይደለችም» ብሎ የዶክተሯን ጋውን አንገቷ ላይ ጨምድዶ ከግድግዳው አላተማት። አስቻለች የገዛ ዱላውን ከወንበሩ ስር አንስታ የእጁን አንጓ አቀመሰችው። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ተሰማ፤ ዶክተሯን ለቀቃት።

«አብደሻል እንዴ? ይገድሉሻል እኮ» አላት እጁን ታቅፎ እያቃሰተ።

«ይሆናል» አለችው። አውራ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ካለው የፊርማ ቀለም ነክራ የፈቃድ ወረቀቱ ላይ አጥብቃ ተጫነች። «አንተ ስትሞክርብኝ ግን መች አስፈረምከኝ።»